የፓርቲው ግድግዳ

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ተጠራጣሪ ያደረጉኝ ሰዎች ናቸው፤ ማን እንደላካቸው ግን እስካሁን አልደረስኩበትም።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማወጋችሁን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬስ ጤናም የለው» ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። ወረርሽኙ ሁለተኛ ዙር የገባበት፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰው ሰውን እንደ እባብ ከሩቅ የሚያይበት የጥር ወር ነበር። ስብሰባ ክልክል፣ ቤተ ክርስቲያን ዝግ፣ መጠጥ መሸጥ ክልክል፣ ያለ ጭምብል መውጣት ያስቀጣል። በዚያ ላይ እኔ ስደተኛ ነኝ። ስደተኛ አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል «ምን ይላል?» ብሎ አይጠይቅም። «እኔን ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

የምንኖረው ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ነው። ቤታችን አሮጌ የጡብ ቤት ሲሆን ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የተጣበቀ ነው፤ ለሁለት እንደተቆረሰ ዳቦ ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የጎረቤት። እኛ ስል እኔ፣ ባለቤቴ ማርታ እና የጓሮውን ክፍል የያዘው ሸምሱ ነን። እኔና ማርታ የሆሳዕና ሰዎች ነን፤ ወደ ጀርሚስተን በሚወስደው መንገድ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችን። ሸምሱ የወራቤ ልጅ ነው፤ ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላል። ደግ ሰው ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ በዚህ ዓለም ላይ እንዲያው ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አለ ብሎ አያምንም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ሰማዩን አየት አድርጎ «ለምን ዛሬ?» ይላል።

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ ባባ ሲቶሌ ናቸው። በሦስት ዓመት ጉርብትና የተነጋገርነው ቢሰበሰብ «ሳውቦና ባባ»፣ «ሳውቦና ልጄ» የሚል የዙሉ ሰላምታ ብቻ ነው። ሚስታቸው በመጀመሪያው ዙር ወረርሽኝ ሞቱባቸው። ያን ጊዜ ለቅሶ መድረስም አደጋ ስለነበር ከአጥር ማዶ ሆነን አንገታችንን ደፍተን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በር ዘግተው ተቀመጡ። ሥራቸው ምን እንደነበረ እንኳ አላውቅም። ሸምሱ ግን «ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው» ይላል። ማስረጃው ምንድን ነው ብትሉት፣ ሰውየው የትም ሳይሄዱ በየቀኑ ጫማቸውን መጥረጋቸው ነው።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ማርታ በረንዳ ልትጠርግ ስትወጣ በሩ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች። ላስቲኩ ላይ ሳኒታይዘር ተረጭቶበት ያብረቀርቃል። በእጇ አልነካችውም፤ በከሰል መቆንጠጫ ይዛ አመጣችው። እኔም ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና አንድ ክንድ ያህል ርቄ ማንበብ ጀመርኩ።

የኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው። «አለ»፣ «አልቋል»፣ «ነገ ይመጣል» የሚሉትን ሦስቱን እንደ አገሬው ነው የምላቸው። ከዚያ ውጭ ባለው ግን መብራት እንደጠፋበት ሰው እየዳሰስኩ ነው የምሄደው። ደብዳቤው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነበር። ዳስሼ ዳስሼ ያገኘሁት ይህን ነው፦

«ለተከበራችሁ ጎረቤቶቼ። በመካከላችን ያለውን ‹ፓርቲ ዎል› ይመለከታል። ከእናንተ በኩል የሚመጣው ነገር ካልቆመ መጨረሻው ጉዳት ነው። በአስቸኳይ እንነጋገር። ካልሆነ ለማዘጋጃ ቤት ለማሳወቅ እገደዳለሁ። ሲቶሌ።»

«ዎል» ግድግዳ መሆኑን አውቃለሁ። «ፓርቲ»ንም አውቃለሁ፤ ማን የማያውቀው አለ? ምን አገናኛቸው? እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት።

«ምን ይጠየቃል ጋሼ» አለ ሸምሱ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ፤ «ፓርቲ ማለት ጭፈራ ነው። ጭፈራችሁ በግድግዳ አልፎ ይሰማል እያለህ ነው።»

«ጭፈራ? በኔ ቤት?»

«የእሁዱን ረሳኸው?»

ደነገጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ እሁድ እሁድ አምልኳችንን በስልክ ነበር የምናደርገው። በቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ያ የጋራ ግድግዳ አጠገብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን እዚያ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጥና ድምፁን እስከ መጨረሻው እንከፍተዋለን። ሃያ ሰው ከሃያ ቤት ይዘምራል። ኔትወርኩ ስለሚጎተት አንዱ «ሃሌ» ሲል ሌላው «ሉያ» ላይ ደርሷል፤ ሂልብሮው የሚባለው ሰፈር ያሉት ደግሞ ገና የቀደመውን መዝሙር አልጨረሱም። ከማዶ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ሦስት ቀን የጠጣ ሠርገኛ እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ።

«እንግዲያው ሄደን እናስረዳቸው» አለች ማርታ።

«እህቴ፣ ፖሊስ ቤት በእግርሽ ሄደሽ ታስረጃለሽ?» አለ ሸምሱ።

ማርታ «ፖሊስ መሆናቸውን ማን ነገረህ?» ብትልም እኔና ሸምሱ በድምፅ ብልጫ አሸነፍናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ዝም አለ። መዝሙር ቀረ። ስልክ የምናወራው ሽንት ቤት ገብተን ነው። ማርታ ሽንኩርት ስትጠብስ እንኳ ከመጠን በላይ እንዳይንጫጫ እሳቱን ቀነስ አደርግ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ራት ላይ ሸምሱ ማንኪያውን አስቀመጠና ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «ጭፈራው ቢሆን ይሻለን ነበር።»

«ምን ተገኘ ደግሞ?»

«ባለፈው ሳምንት እዚህ ተቀምጠን ስለ አገር ቤት ምን ስናወራ ነበር? ስለ ማን? በምን ያህል ድምፅ?» ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «ፓርቲ እኮ ሌላም ፓርቲ አለ።»

እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እውነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት እኔና እሱ በፖለቲካ ተከራክረን ጠረጴዛ ደብድበናል። እኔ የደገፍኩትን እሱ ነቅፎ፣ እሱ የደገፈውን እኔ ነቅፌ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም የነቀፍነው ላይ ተስማምተን ነበር የተኛነው። ማርታ «ሽማግሌው አማርኛ የት ያውቃሉ?» ስትል ሸምሱ በሐዘኔታ አያት። «የሚያውቅ ሰው ‹አውቃለሁ› ይላል እንዴ?» አላት።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የግድግዳ ጆሮ ስንት ጡብ ያህል ውፍረት እንደሚሰማ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ የራሴን እርምጃ ወሰድኩ። ሱቁን ዘግቼ ስለነበር ተሰብሮ እንዳይዘረፍብኝ ብዬ ግማሹን ዕቃ ቤት አከማችቼ ነበር። የበቆሎ ዱቄቱን ጆንያ፣ የስኳሩን ከረጢት፣ የዘይቱን ካርቶን እኔና ሸምሱ ተሸክመን ከግድግዳው ጋር እስከ ኮርኒሱ ደረደርነው። ከላይ የሸምሱን ብርድ ልብሶች ጠቀጠቅን። ስንጨርስ ላባችንን ጠርገን ሥራችንን አደነቅን። እንኳን ወሬ፣ መብረቅ አያልፍበትም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ግድግዳው ተንኳኳ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጸጥታ። ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሦስታችንም ባለንበት ደረቅን። ሐሙስም በዚያው ሰዓት እንዲሁ። አርብም። ሸምሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይመዘግባል። «ሦስት፣ ከዚያ ሦስት። አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች። ይህ የምልክት ቋንቋ ነው፤ አለበለዚያም መስሚያ ዕቃ የሚተክልበትን ቦታ እየፈለገ ነው።»

«ካንኳኩ ለምን አንመልስላቸውም?» አለች ማርታ።

«መለስሽ ማለት አመንሽ ማለት ነው!» አለ ሸምሱ።

ቅዳሜ አንድ ጆንያ ላነሳ ሄጄ ከጀርባው ሌላ ጉድ አየሁ። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ፣ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ! ዙሪያው ርሷል፤ ልስኑ እንደ ቆዳ ተላጧል። ሌላ ሰው ቢሆን «ግድግዳው ተሰነጠቀ» ይላል። እኔ ግን ምን አልኩ? «በሳው!» አልኩ። ሸምሱን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በስንጥቁ ተመለከተና «ይታያል?» ስለው «ጨለማ ነው፤ ከወዲያ እሱም እያየ ይሆናል» አለኝ። ከፊቱ ያሉትን ጆንያዎች ገለል አድርገን ሁለት ካልሲ ጠቀጠቅንበትና የቤተ ክርስቲያናችንን ካላንደር ሰቀልንበት። በማግስቱ ካላንደሩ ሆዱን ነፍቶ አደረ። ወሩ እንደ እርጉዝ ወደ ፊት ወጥቷል። ማርታ «ይህ ግድግዳ አላማረኝም» ብትለኝ «ለዚህ እኮ ነው የሸፈንኩት» አልኳት። ሞኝነት እንዲህ በራሱ ሲተማመን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሁድ ከሰዓት ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይኼኛው አጭር ነው፤ ከሥሩ ግን የተያያዘ ቅጽ አለው። «የፓርቲው ግድግዳ የሁላችንም ኃላፊነት ነው። ሥራው እንዲጀመር እባካችሁ ቅጹ ላይ ፈርሙልኝ። ጊዜ የለንም።»

«ፈርሙ?» ሸምሱ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አለቀልን። ፓርቲው የሁላችንም ነው። ሥራው ይጀመር። ጊዜ የለንም። ፈርሙ። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይንገርህ?»

እኔ ደግሞ ፊርማ ላይ የቆየ ቁስል አለብኝ። አገር ቤት ሳለሁ አንድ ዓመት ማዳበሪያ መጥቷል ተባልን። ተሰልፌ ፈረምኩና አንድ ኩንታል ተሸክሜ ገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ የቀበሌው ሰው በመንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝና «ጓድ፣ ስብሰባ ለምን ቀረህ?» አለኝ። ለካ የፈረምኩት ለአባልነት ኖሯል! ማዳበሪያው በቆሎዬን እንኳ በቅጡ አላሳደገልኝም። እኔን ግን አሳድጎኝ የጎጥ ተጠሪ ሊያደርገኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ልፈርም ብዕር ስይዝ እጄ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸተኛል።

ስለዚህ ለደሳለኝ ደወልኩ፤ ከሽንት ቤት። ደሳለኝ ሂልብሮው የሚኖር የአገሬ ልጅ ነው፤ ፍርድ ቤት ለሐበሻ ያስተረጉማል። እንግሊዝኛውን የተማረው እዚያው ችሎት ውስጥ ስለሆነ «እንደምን አደርክ» ስትለው እንኳ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ሊልህ ይቃጣዋል። ቃሉን ነገርኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ።

«ፓርቲ ነው ያለው? እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔ እያየው።»

«እንግዲያው አዝናለሁ ወንድሜ። ፓርቲ በሕግ ቋንቋ ተከራካሪ ወገን ማለት ነው። አንደኛ ወገን፣ ሁለተኛ ወገን፣ ሦስተኛ ወገን። ሰውየው ከሶሃል።»

«ግድግዳውስ? ዎል የሚለውስ?»

«እሱ…» አለ ደሳለኝ፤ ትንሽ አሰበ። «እሱ የምትቆምበት ይሆናል።»

ከሽንት ቤት ስወጣ ማርታ ፊቴን አይታ ወንበር አቀረበችልኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋሽ፣ የፖለቲካ ሰው እና ተከሳሽ ሆኛለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጄ ውጪ አንድ እርምጃ አልሄድኩም። ወረቀቴ ደግሞ ቢሮው ስለተዘጋ ያልታደሰ ነው፤ «ይራዘማል» ተብሏል፤ የመንገድ ፖሊስ ግን «ተብሏል» የሚለውን ማየት አይፈልግም፤ ማኅተም ነው የሚፈልገው። ያን ቀን በእውነት ፈራሁ። ልብስ የሚይዝ ሻንጣ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። የጆበርግን የበጋ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደመናው ከየት መጣ ሳትል በረዶው ቆርቆሮህን ይደበድበዋል። ማርታ ከካላንደሩ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኔ ሻንጣውን ልሙላው አልሙላው እያልኩ እሟገታለሁ። ያኔ በራችን በከዘራ ተደበደበ።

«ፑማኒ! ፑማኒ!»

የባባ ሲቶሌ ድምፅ ነው። «ፑማኒ» ማለት በዙሉ «ውጡ» ማለት ነው። ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ከሌላ ከማንኛውም ቃል በፊት ነው የሚማረው። ሕዝብ ተሰብስቦ በርህ ላይ ሲመጣ የሚጮኸው ይህን ነው። አንድ ጊዜ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ በጓሮ ዘልዬ ነው ያመለጥኩት። እና አሁን ሲጮህ ምን አደረግሁ? ሁለተኛውን ቁልፍ ቆለፍኩ። ሸምሱ ከጓሮ ሮጦ ገባና ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አናት ላይ ያወርድ ጀመር። ከሚያልቅ ንብረት ጥቂቱን ለማዳን ይመስለኛል።

«ፑማኒ! ልጆቼ፣ ፑማኒ!»

ማርታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

«አንተ! ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው።»

«ሌሎቹ ኋላ ይሆናሉ!»

«ባዶ እግራቸውን ናቸው። ዝናቡ ይወቅጣቸዋል። ጭምብላቸው ረጥቦ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።» ዞራ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት የሚያጋጥመው በሃያ ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ ነው። «ባዶ እግሩን ዝርፊያ የሚመጣ ሽማግሌ የት ታውቃለህ?»

መልስ ከማግኘቴ በፊት ሁለቱንም ቁልፍ ከፍታለች። ባባ እጇን ያዙና ጎተቷት፤ እሷ የኔን ኮሌታ ያዘች። ጓሮ ድረስ በዚያው ሰንሰለት ሄድን። ሸምሱ ብርድ ልብስ በራሱ ላይ ተሸክሞ ኋላችን ወጣ፤ በሩን እንዳለፈ ከበስተጀርባው አንድ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ግድግዳው ወደቀ።

እንደምታስቡት አልጮኸም። መጀመሪያ ሆዱ ላይ አጎነበሰ፤ ካላንደሩ በረረ፤ ከዚያ ጡቡ ሁሉ እኛ ቤት ውስጥ ተዘረገፈ። ዱቄቱ እንደ ነጭ ጭስ ተነስቶ በመስኮት ወጣ፤ ዝናቡም አቦካው። አቧራው ሲረጋ ማርታ የተቀመጠችበት ወንበር አይታይም። የምስሩ ሰፌድ አይታይም። የሚታየው በሌለው ግድግዳ በኩል የባባ ሲቶሌ ክፍል ነው፤ የተነጠፈ አልጋ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሴት የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ፣ ግድግዳው ወደነበረበት አቅጣጫ የዞረ አንድ ወንበር።

ማርታ ያን ክምር ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ሄዳ የሽማግሌውን እግር በሸምሱ ብርድ ልብስ ጠቀለለች። ሸምሱ ብርድ ልብሱ አዲስ መሆኑን ለመናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ዝናቡ ሲያባራ በረንዳ ላይ፣ ሁለት ክንድ ያህል ተራርቀን ተቀመጥን። ባባ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ዙሉውን ከቀላል እንግሊዝኛ ጋር እየቀላቀሉ ተቆጡ።

«ለምን ዝም አላችሁኝ? ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ! ጣሪያው ላይ በእናንተ በኩል ያለው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኗል፤ ውኃው ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ተዉ አልኩ! የማዘጋጃ ቤቱንም ቅጽ ላክሁ። እኔ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ ግድግዳ ሲታመም አውቃለሁ።»

«ባባ፣ እኛ እኮ…» አልኩ። «የጻፉት ስለ ፓርቲ ነው።»

«ስለ ፓርቲ ዎል ነው! የጋራ ግድግዳ! ግማሹ የእናንተ ቤት፣ ግማሹ የኔ ቤት።»

ምን መስሎን እንደነበር ማርታ ነገረቻቸው። ጭፈራውን፣ ፖለቲካውን፣ ክሱን አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ እኔን ለማዳን አንዲት ቃል አልደበቀችም። ባባ መጀመሪያ በመገረም «ሃይቦ!» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ። ጭምብላቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ።

«ልጅ ሳለሁ እኔም እንደ እናንተ ተሳሳትኩበት» አሉ በኋላ። «የግንባታው አለቃ ‹ፓርቲ ዎል ሥሩ› ሲለኝ መጠጡ የታለ? አልኩት። በጥፊ ሊለኝ ቃጥቶት ተወኝና አስተማረኝ። ቃሉ የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ የተከፈለ፣ የተካፈሉት ማለት ነው። ለብቻው ተሰብስቦ የሚጠጣው ሰው ፓርቲ ነው፤ ከሕዝቡ የተከፈለው ፖለቲከኛ ፓርቲ ነው፤ ፍርድ ቤት ግራና ቀኝ የሚቆሙትም ፓርቲ ናቸው። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናንተ የልጆቹን ስም ጠርታችሁ ታላቁን ረሳችሁት።»

«እኛም አገር እኮ አለ» አለች ማርታ። «ወገን እንላለን። ከወዲህ ወገን፣ ከወዲያ ወገን። ተከራካሪውም ወገን ነው። ዘመድም ግን ወገን ነው።»

«ወ-ገን» አሉ ባባ እየቀመሱት። «እንግዲያው የወገን ግድግዳ ብዬ ብጽፍ ትመልሱልኝ ነበር?»

ሸምሱ ግን ገና አልተረታም። «ማንኳኳቱስ?» አለ። «በየቀኑ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ?»

 ባባ ጫፉ የረጠበውን ብርድ ልብስ ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«እሁድ እሁድ መዝሙራችሁን እሰማ ነበር» አሉ። «ወንበሬን አስጠግቼ። ቃሉ አይገባኝም፤ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ የሚገባው የሰው ድምፅ ግን እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ሰኞ ጸጥ፣ ማክሰኞ ጸጥ። የድስት ድምፅ እንኳ የለም። ኮሮና ወሰዳቸው አልኩ። መጥቼ እንዳላይ ዕድሜዬና የስኳር ሕመሜ ከለከሉኝ። ስለዚህ አንኳኳሁ። በሕይወት ያለ ሰው ይመልሳል ብዬ።»

ሸምሱ ያን ሁሉ የመዘገበበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ አጣጥፎ መልሶ ከተተው።  እኔም የት እንደማይ ጠፍቶኝ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

የተከራየነው ቤት ባለቤት ደርባን ከተማ ነው የሚኖረው። ብንደውልለት «ለማዘጋጃ ቤቱ አመልክቱና ሥሩት፤ ጡቡን እልካለሁ» አለ፤ ላከም። ቅጹን ፈረምኩ። ፊርማዬን ሳይቀር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግንበኛ መጥራት በዚያ ጊዜ ሰው መጥራት ስለሆነ ሥራው የኔና የሸምሱ ሆነ። ባባ ጭምብላቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ በራሳቸው በኩል ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያዛሉ። «ጡቡን አርጥበው! ሲሚንቶው ቀጠነ! ውኃ ልኩን አስቀምጥ፣ በዓይንህ አትመን!» ዓይኔን አለማመን እንኳ ያለ አስተማሪም እችልበታለሁ።

የመጀመሪያው ረድፍ በአንድ ቀን ተነሳ። ባባ እየሠሩ የሚዘፍኑት የግንበኞች ዜማ አላቸው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኛም መቀበል ጀመርን፤ ማርታ በመዝሙር ድምፅ፣ ሸምሱ ደግሞ በስልጥኛ ይመስለኛል። ግድግዳው ጉልበታችን ላይ በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ ዜማው ጫፍ ላይ ሳለ፣ በተከፈተው በር ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

«ሰው ተሰብስቦ ይጨፍራል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ ወፍራሙ። አራታችንንም ቆጠረ። «ስብሰባ ክልክል መሆኑን አታውቁም? ስንት ቤተሰብ ናችሁ?»

 ያልታደሰ ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ፋጀኝ። ሁለት ቤተሰብ፣ ሁለት ሃይማኖት፣ ሦስት ቋንቋ፤ የቀረን መጠጡ ብቻ ነው።

«አንድ ነን» አሉ ባባ፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ፖሊሱ ባባን አየ። እኔን አየ። የሸምሱን በሲሚንቶ ነጭ የሆነ ጢም አየ። «አንድ ቤተሰብ? እናንተ?»

«አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። አይደለም እንዴ ሕጉ?» ባባ ከዘራቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ጎተቱ። «ግድግዳ ታያለህ ልጄ?»

ፖሊሱ ጉልበት ድረስ የደረሰውን ጡብ አየ። ጓደኛው ሊስቅ ሲል ጭምብሉን ሳበ። ወፍራሙ ለጥቂት ጊዜ ሕጉን በልቡ ሲያገላብጥ ቆየና ጣቱን ቀሰረብን።

«እሺ። ይህ ነገር ኮርኒስ ሲነካ ግን ሁለት ቤተሰብ ናችሁ። ያን ጊዜ በአንድ ክፍል ባገኛችሁ እወስዳችኋለሁ።»

«ትክክል ነህ ልጄ» አሉ ባባ። «ሕግ ሕግ ነው።»

ፖሊሶቹ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ምን እንደያዘው አላውቅም። በየማለዳው ስንነሳ ትናንት ማምሻ የደረደርነው የላይኛው ረድፍ ፈርሶ፣ ጡቡ ተጠርጎ፣ በባባ በኩል በሥርዓት ተደርድሮ እናገኘዋለን። «ውኃ ልኩ አልተስማማም፤ ጠማማ ነበር» ይሉናል ባባ፤ ወደ ሌላ እያዩ። እንደገና እንደረድራለን። ምሳ አብረን እንበላለን። ማምሻ ላይ ረድፉ ይነሳል፤ ጠዋት ፈርሶ ይገኛል። ለአሥር ቀን የታሰበው ግድግዳ ወሩን ተሻገረ።

አንድ ጠዋት ሸምሱ ወደ ጥግ ጎተተኝ። ዓይኑ እንደ ድሮው ጠብቧል።

«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ትናንት ማታ ውኃ ልኩን እኔ ራሴ አስቀምጬ አይቼዋለሁ። አረፋው መሃል ላይ ነበር። ቀጥ ያለ ነበር! ይህ ሽማግሌ የሆነ ነገር…»

«ሸምሱ» አልኩት፤ «ሲሚንቶውን አቡካ።»